አይቸኩሌ እንቁላል ጣለች

የሞጣዋ እህቴ ስልክ የምትደውልልኝ በሁለት ምክንያት ብቻ ነው፤ ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ ሰው ሊዳር ነው። ስለዚህ በጥቅምት መጀመሪያ አንድ እሑድ፣ ቢቸና ቤቴ ቁጭ ብዬ ሁለተኛውን ቡና ስጠብቅ ስሟን ስልኬ ላይ ሳይ ልቤ ድንግጥ አለ።

«እቴቴ፣ ደህና ናችሁ?»

«ኧረ ደህና ነን። ይልቅ ጉድ ስማ፤ አይቸኩሌ እንቁላል ጣለ!»

አይቸኩሌ ኤሊ ነው። ከዚያች እሑድ ወዲህ ግን «ናት» ማለት ነበረብን፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በቤተሰባችን ውስጥ ወንድ ሆና የኖረች ኤሊ። አባታችን ነፍሳቸውን ይማርና «ይህ ሽማግሌ» እያሉ ነበር የሚጠሯት። ወንድ መሆኗን ማን እንደነገረን አላስታውስም። ማንም አልነገረንም መሰለኝ። ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ የማይናገር፣ ሲነኩት አንገቱን የሚሰበስብ ፍጡር ስናይ «ሽማግሌ» አልን፣ በቃ።

በዚህ አምድ ስለ ልጆችና ስለ ስልክ ስጽፍ ከርሜ ዛሬ ስለ ኤሊ መጻፌ የሚገርማችሁ ትኖራላችሁ። ግን ባለፈው ጊዜ ልጆች ከስልክ ይልቅ ከእንስሳ ጋር ቢውሉ ይሻላል ብዬ በጻፍኩ ማግስት ሦስት ወላጆች «ኤሊ ከየት ይገኛል?» ብለው ጠይቀውኛል። የእኔን ቤተሰብ ጉድ ሳልነግራቸው ዝም ማለት ደግሞ ነውር ሆነብኝ።

አይቸኩሌ ቢቸና የገባችው በ1985 ዓ.ም. ነው። የአክስታችን ልጅ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር፤ ኤንትሬ ይነዳል። አዋሽን አልፎ አስፋልት ስታቋርጥ አገኛት፣ ጎማ እንዳይበላት አነሳት፣ ለአባታችን የልጅ ልጆች መጫወቻ ትሁን ብሎ አመጣት። ያኔ የስኒ ማስቀመጫ ሰሃን ብታክል ነው። ቅርፊቷ ቢጫ መደብ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው፣ የነብር ቆዳ የመሰለ ነበር፤ ፈረንጆቹም የዚህን ዘር ኤሊ በነብር ስም ይጠሩታል። ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ በቆላና በሣር ሜዳ ይኖራል።

አንገቷ ሥር መዥገሮች ተጣብቀው ነበር። አባታችን አንድ በአንድ እየነቀሉ ምድጃ ውስጥ ጣሏቸው። ያኔ ስለ ንጽሕና ብቻ ያሰቡ ይመስለኛል፤ ግን ሳያውቁት ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2000 ይህን የኤሊ ዘር ወደ አገራቸው እንዳይገባ የከለከሉት በመዥገሩ ምክንያት ነው። ከአፍሪካ ከሄዱ ኤሊዎች ላይ የተለቀሙ መዥገሮች ከብት፣ በግና ፍየል የሚገድል በሽታ ተሸክመው ተገኝተው ነበር። በሬ ለሚጠመድበት፣ ላም ለሚታለብበት ለእኛ አገር ነገሩ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ከቆላ የመጣች አንዲት ኤሊ ከነመዥገሯ ደጋ በረት አጠገብ!

ከዚያ ወዲያ ያደረግነው ሁሉ ከፍቅር ነው፤ አብዛኛውም ስህተት ነበር። እንጀራ በወተት አርሰን አበላናት። ዳቦ አበላናት። እንዳትጠፋ የቅርፊቷን ጠርዝ በመሰርሰሪያ በስተን ገመድ አሰርንባት። «ጥፍር ማለት ነው፣ አያማትም» ተባለ። ላዩ እውነትም እንደ ጥፍር ነው፤ ሥሩ ግን ሕይወት ያለው አጥንት ነው፣ የጀርባ አጥንቷና የጎድን አጥንቶቿ ከእርሱ ጋር የተጋጠሙ ናቸው። ቀዳዳው ዛሬም አለ። ባየሁት ቁጥር ዓይኔን መለስ አደርጋለሁ፤ መሰርሰሪያውን የያዝኩት እኔ ነበርኩና።

እንደዚያም ሆኖ አልሞተችም። ያተረፋት ምድጃው ነው። ቢቸና እንደምታውቋት ደጋ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት አጥንት ይገባል። አይቸኩሌ ግን ፀሐይ ዘወር ስትል ቀስ እያለች ወደ ማድቤት ትገባና ምድጃው ጥግ፣ ሞቃቱ አመድ ላይ ሆዷን አስደግፋ ታድራለች። ማንም አላስተማራትም።

አባታችን በ2006 ዓ.ም. ሲያርፉ ወንድማማች እህትማማች ተሰብስበን ቤትና መሬቱን ያለ አንድ ክርክር ተካፈልን። ያከራከረችን አይቸኩሌ ናት። እኔ ግቢዬን ሲሚንቶ አስለብሼው ነበር፤ ታናሽ ወንድማችን ባሕር ዳር ኮንዶሚኒየም ነው። በመጨረሻ እቴቴ «የአባቴን ሽማግሌ ሜዳ ላይ አልጥለውም» ብላ በጆንያ አድርጋ አውቶቡስ ላይ ጫነቻት። በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ገባች። ያኔ እቴቴ ስልሳዎቹን ተሻግራ ነበር፤ የዚህ ዓይነት ኤሊ ከ50 ዓመት በላይ ይኖራል ብሎ የነገራት አልነበረም። ሴንት ሄሌና በምትባል የአትላንቲክ ደሴት ላይ ዮናታን የሚሉት ከሲሸልስ የመጣ ግዙፍ ኤሊ አለ፤ የተፈለፈለው እ.ኤ.አ. በ1832 አካባቢ እንደሆነ ይገመታል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው ከሃያ ዓመት በላይ ቀድሞ ማለት ነው። ዛሬም ሣር ይግጣል። የእኛይቱ ዘሯ ሌላ ነው፣ ያን ያህል ትኖራለች አልልም። ግን እኔንና እቴቴን እንደምትቀብር አልጠራጠርም።

ወደ እንቁላሉ ልመለስ። በማግሥቱ ሞጣ ሄድኩ። እቴቴ ደጅ ላይ ጠበቀችኝ፤ ከኋላዋ የልጅ ልጇ፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ፣ እየዘለለች። አይቸኩሌ ከጎመን መደቡ ጀርባ በኋላ እግሮቿ ጥቁሩን አፈር ቆፍራ፣ በሽንቷ እያራሰች፣ ግማሽ ቀን ፈጅታ አሥራ አንድ እንቁላል ቀብራ ነበር። ነጭ፣ ክብ፣ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ የሚያካክሉ። መረሬ አፈር ውኃ ይቋጥራል፣ ይበሰብሳሉ ብላ እቴቴ ሁሉንም አውጥታቸዋለች።

«የት አደረግሻቸው?»

በኩራት እያየችኝ ወደ ዶሮ ቤቱ ወሰደችኝ። ስድስቱን ልትታቀፍ ከተቀመጠች ዶሮ ሥር አድርጋቸዋለች። አምስቱ አልበቃ ብለው ድርቆሽ ላይ ቀርተዋል።

እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ «ጎበዝ» አልኳት። ዶሮ ካልፈለፈለች ማን ይፈልፍል? ማታ ግን ለአንድ የእንስሳት ሐኪም ወዳጄ ደወልኩለትና ነገሩን ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ዝም አለ። ዶሮ እንቁላሏን በቀን ብዙ ጊዜ በመንቆሯ ታገላብጣለች፤ ጫጩት ያለዚያ አይሆንም። የኤሊ እንቁላል ግን የተገላቢጦሽ ነው። ከተጣለ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ፅንሱ ከላይኛው የቅርፊቱ ጎን ጋር ይያያዛል፤ ከዚያ ወዲያ ከተገላበጠ ሊሞት ይችላል። ቆፍሮ የሚያወጣው ሰው እንኳ አናቱ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጎ እንደነበረ ነው የሚያስቀምጠው። ሙቀቱም አይገጥምም። የዶሮ ሆድ ከ37 ዲግሪ በላይ ነው፤ የኤሊ እንቁላል የሚፈልገው ከ28 እስከ 31 ባለው መካከል ነው። በዚያችው ጠባብ ልዩነት ውስጥ ደግሞ ሌላ ተአምር አለ፦ ሞቅ ካለ ሴት፣ ቀዝቀዝ ካለ ወንድ ይፈለፈላል። ፆታቸውን አፈሩ ይወስነዋል ማለት ነው።

እቴቴ ይህን ስነግራት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ስድስቱን ገደልኳቸዋ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሠራችው ልጅቷ ናት። አምስቱን ሳታገላብጥ የእንጨት ሳጥን ውስጥ፣ ከወንዝ የመጣ ደረቅ አሸዋ ላይ አስቀመጠቻቸው። ከላይ አምፖል አንጠለጠልንላት። መብራት ሲጠፋ ሳጥኑ ወደ ምድጃው ይጠጋል። ከትምህርት ቤት የተዋሰችውን ቴርሞሜትር አሸዋው ውስጥ ሰክታ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ የሙቀቱን ልክ በደብተር መጻፍ ጀመረች። ከቢቸና ስደውልላት ሰላምታ እንኳ ሳታስጨርሰኝ «ዛሬ ሃያ ዘጠኝ ነው» ትለኛለች። ያን ሰሞን ስልክ ነክታ እንደማታውቅ እናቷ ነግራኛለች። አምዴ ላይ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ሆኖ ታየኝና ደስ አለኝ፤ የራሴ ነገር ሲሳካ ማየት እወዳለሁ።

ሐኪሙ አስጠንቅቆን ነበር። የዚህ ኤሊ እንቁላል በዱር ከስምንት ወር እስከ ዓመት ከሦስት ወር አፈር ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ደግሞም ሴት ኤሊ እንደ ዶሮ ያለ ወንድም እንቁላል ትጥላለች፤ አይፈለፈልም እንጂ። አይቸኩሌ ወንድ ኤሊ አይታ አታውቅም። ስትመጣ የመዳፍ ያህል ነበረች። እኔና እቴቴ ይህን ሰማን፤ ለልጅቷ ግን ሁለታችንም አልነገርናትም። ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው፤ ከመሰርሰሪያው ቀጥሎ።

በመጋቢት፣ አምስት ወር ሲሞላው፣ አንዱ እንቁላል መሽተት ጀመረ። በስልክ መብራት አንድ በአንድ አየናቸው፤ ደም ሥር የለ፣ ጥላ የለ፣ ባዶ። ሐኪሙም ሰብሮ አያቸውና ራሱን ነቀነቀ። ልጅቷ ደብተሯን ይዛ ጓሮ ገባች፤ እስኪመሽ አልወጣችም። ስትወጣ ዓይኗ አብጦ ነበር፤ የጠየቀችኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው። «አያቴ፣ ወንድ ብናመጣላትስ?»

ወንድ ማግኘት ከባድ አልነበረም። ሞጣ መናኸሪያ ያለ አንድ ደላላ ከቆላ በአሥር ቀን አስመጣለሁ አለኝ፤ ሦስት ሺህ ብር። ገንዘቡ ነበረኝ። ሁለት ሌሊት አሰብኩበት። ሽማግሌ ሆናችሁ የልጅ ልጅ ዓይን ያበጠበትን ነገር በሦስት ሺህ ብር ማስተካከል ስትችሉ እምቢ ማለት ቀላል አይምሰላችሁ።

መጀመሪያ ያቆመኝ ሕጉ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝን ይከለክላል። አገራችንም ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ውስጥ ናት፤ የየብስ ኤሊዎች በሙሉ በዚያ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ አሉ። እኛ አይቸኩሌን ስንይዝ ፈቃድ አልጠየቅንም፤ የጠየቀንም አልነበረም። የዚያን ጊዜውን ባለማወቅ ነው ልበል። አሁን ደላላ ልኬ ባስመጣ ግን ምን እላለሁ?

ሁለተኛው ሒሳብ ነው። ወንዱ መጣ እንበል፤ አይቸኩሌም በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ አሥር አሥር እንቁላል ጣለች፤ ልጅቷም በቴርሞሜትሯ ግማሹን ፈለፈለች። ከዚያስ? እያንዳንዷ ሃምሳ ዓመት የምትኖር፣ ሰው ለመሸለም እንኳ ሕግ የሚከለክለኝ አሥራ አምስት ኤሊ በሞጣ ብርድ ማን ያኖርልኛል? በአሜሪካ ይህ ደርሶባቸዋል። የእኛም ቆላ ያለው፣ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በሰሃራ ጠርዝ የሚኖረው ትልቁ ኤሊ፣ ከደሴቶቹ ግዙፎች ቀጥሎ በዓለም ሦስተኛው፣ በየጓሮው በቀላሉ እየተራባ ሕፃን ሳለ ለልጆች ይሸጣል። ሲያድግ ከ50 ኪሎ በላይ ሆኖ አጥር ይገፋል፣ መሬት ይቦረቡራል፤ የእንስሳት መጠለያዎች በእርሱ ተሞልተዋል። በገዛ አገሩ በሰሃራ ጠርዝ ግን እየጠፋ ነው።

ማርባት መልካም ሥራ የሚሆንበት ቦታ የለም ማለቴ አይደለም። ሴኔጋል ውስጥ እንደ እኛ በግቢ ኤሊ ማኖር የቆየ ልማድ ነው፤ የበረከትና የረጅም ዕድሜ ምልክት አድርገው ያዩታል። ቶማስ ዲያኝ የተባለ ሴኔጋላዊና ፈረንሳዊው በርናር ዴቮ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከዳካር አቅራቢያ ኖፍላይ ላይ የኤሊዎች መንደር አቋቋሙ። ቤተሰብ ማኖር ያቃተውን ኤሊ እዚያ ይሰጣል። ያክሟቸዋል፣ ያራቧቸዋል፣ ጤናቸው ተመርምሮ ከወለዱት ውስጥ ወደ ፌርሎ ጥብቅ ስፍራ ተመልሰው የተለቀቁ አሉ። ልዩነቱ ይህ ነው፦ እዚያ የሚፈለፈለው ኤሊ የሚሄድበት አገር አለው። የእኛ ጓሮ ውስጥ የሚፈለፈለው ግን ከሳጥን ወደ ሳጥን ነው።

ለደላላው እምቢ አልኩት። ለልጅቷም ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ባዶው እንቁላል ቀድሜ አውቅ እንደነበር ጭምር። ለአንድ ሳምንት ስልኬን አላነሳችም።

አሁን ቤታችሁ ኤሊ ያላችሁ፣ ጊዜ ሳታጠፉ ልታስተካክሉት የምትችሉት ነገር አለ። እንጀራውንና ዳቦውን ተዉት፤ ሰርዶ፣ ማገጥ፣ የበለስ ቅጠል ስጧት፤ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ጣል አድርጉበት። የአይቸኩሌ ቅርፊት ጉብታ ጉብታ ሆኖ ያደገው በልጅነቷ አያያዝ ነው፣ አሁን አይመለስም። ገመዱን ፍቱ። ልጆች ነክተዋት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ኤሊ ሳይታመም ሳልሞኔላ ይይዛል፣ ሕፃንን ያስቀምጣል። ጋቢ ደግሞ አታልብሷት። እቴቴ ዓመታት ሙሉ ማለዳ ማለዳ ጋቢ ትደርብላት ነበር፤ የራሷን ጋቢ፣ አዲሱን። ጋቢ ግን ሙቀት አይሠራም፣ ያለውን ይይዛል እንጂ። እኛ በውስጣችን እሳት አለን፤ ኤሊ የላትም፣ ሙቀቷ ከፀሐይ ነው። በብርድ ያደረችን ኤሊ ጋቢ ሲደርቡባት ብርዷን አቅፋ ትውላለች። በአንድ ክረምት ከአፍንጫዋ አረፋ ወጣ፣ ዓይኗ አብጦ ተዘጋ። ኤሊ እንደ እኛ አትስልም፤ የሚያስል ጡንቻ የላትም፤ ሳንባዋ ውስጥ የገባው እዚያው ይቀራል። በመርፌ ነው የተረፈችው። እቴቴ እስከ ዛሬ ስለዚያ ጋቢ ሲነሳ አትወድም።

የወንድማችን ልጅ «መኪና ላይ ጭነን አዋሽ ዳር እንልቀቃት» ብሎ ነበር። ሐኪሙ ተቆጣ። ሃያ ስድስት ዓመት ከዶሮና ከበግ ጋር የኖረች ኤሊ ምን በሽታ ይዛ ዱር ላሉት እንደምትሄድ አይታወቅም፤ ሳይመረምሩ መልቀቅ እርሷንም እነርሱንም መጉዳት ነው አለ። የቀረን ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አሳውቆ እነርሱ ወደሚሉት ቦታ መስጠት ነው። ሆለታ አቅራቢያ ቦርን ፍሪ የሚያስተዳድረው እንስሳ ኮቴ የተባለ ማዕከል አለ፤ በየቤቱና በየንግዱ ተይዘው የተወሰዱ አንበሶችና አቦሸማኔዎች እዚያ ይኖራሉ።

«ሆለታስ ከሞጣ ይሞቃል?» አለችኝ እቴቴ።

አይሞቅም። ሆለታም ደጋ ናት። እዚያ የሚያውቅ ሰው አለ ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም።

ደብዳቤውን በሚያዝያ ጽፌ ጨርሻለሁ። ከየት እንደመጣች፣ ስንት ዓመት እንደኖረች፣ በወፍጮ ቤት ሚዛን 14 ኪሎ እንደመዘነች፣ ቀዳዳውንም ሳይቀር። የያዘቻት እቴቴ ስለሆነች መፈረም ያለባት እርሷ ናት። ባለፈው ሳምንት ሞጣ ሄጄ ደብዳቤውን ከፊቷ አስቀመጥኩላት። መነጽሯን አደረገች፣ ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ አጥፋ ከመስቀሉ ሥዕል ጀርባ ሰካችው።

«ክረምቱ ይውጣ» አለች። «በዝናብ መንገድ አላስጀምራትም።»

ማድቤት ስገባ ልጅቷ ምድጃው ጥግ ቁጭ ብላ ነበር። ቀና ብላም አላየችኝ። ቴርሞሜትሩን አይቸኩሌ ከምትተኛበት አመድ አጠገብ ሰክታ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች።

«ስንት ነው?» አልኳት።

«ሃያ ሁለት» አለች። «እንጨት ልጨምር ነው።»